ቀንድ አውጣ ብርድን እስከ ምን ድረስ ይችላል? ጅማ ላይ ሆኖ የመለካት መመሪያ

ህዳር ሲገባ የጅማ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ማለዳ ጓሮ ስትወጡ የእንሰቱ ቅጠል በጤዛ ርሷል፤ ጣት ያደነዝዛል። ያኔ ከግንዱ ላይ የደረቀውን ልጥ ገለጥ ብታደርጉ ከሥሩ የተለጠፈ ቀንድ አውጣ ታገኛላችሁ። ብትነኩት አይነቃነቅም። የሞተ ይመስላል። መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡትና ታገሡ። ትንሽ ቆይቶ ለስላሳው እግሩ ከቅርፊቱ አፍ ላይ ይላወሳል። ከዚያ ቀንዶቹ ብቅ ይላሉ፤ መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው።

ጅማ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ይህችን ትንሽ ነገር ለተማሪዎቼ ካሳየሁ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። ቀንድ አውጣ ብርድን የሚችለው እስከ ስንት ዲግሪ ነው? ያ ቁጥርስ የት መኖር እንደሚችል ይነግረናል? ለዚህ ጥያቄ ብዙ መልስ የተገኘው ከባሕር ዳርቻ ቀንድ አውጣዎች ነው። እኛ ባሕር የለንም። ደጋና ቆላ ግን አለን። ከጊቤ በረሃ ተነስታችሁ በጅማ አድርጋችሁ ወደ ዴዶ ብትወጡ፣ አንድ የባሕር ዳርቻ ከደቡብ ወደ ሰሜን በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚያልፈውን የሙቀት ለውጥ በአንድ ቀን መንገድ ታዩታላችሁ። 1,000 ሜትር ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል።

ይህ መመሪያ ላብራቶሪ አይፈልግም። ብርጭቆ ማሰሮ፣ በረዶ፣ ቴርሞሜትርና ትዕግሥት ይበቃል። ቀንድ አውጣ መግደልም አያስፈልግም። እንዲያውም ዋናው ምክሬ ይሄ ነው፦ ሞቱን አትለኩ፣ በእግሩ መያዙን ለኩ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ባሕሩ ያስተማረው

የባሕር ዳርቻ ቀንድ አውጣ የሚኖረው በሁለት ዓለም መካከል ነው። በብዙ የባሕር ዳርቻዎች ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ውሃው ሲሸፍነው ቀንድ አውጣው ከከባድ ብርድ የተጠበቀ ነው። የባሕር ውሃ በጨዉ ምክንያት እስከ −1.9 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ አይረጋም፤ ከዚያ በታች ፈሳሽ ሆኖ አይቀዘቅዝም። ውሃው ሲሸሽ ግን ቀንድ አውጣው ድንጋዩ ላይ ባዶውን ለነፋስ ይቀራል። በሰሜን አገሮች ክረምት ያ አየር ከዜሮ በታች 10 ወይም 15 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከድንጋዩ ከፍ ብለው የሚኖሩት፣ ለአየር ረጅም ሰዓት የሚጋለጡት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከታችኞቹ የበለጠ ብርድ ይችላሉ።

አንዳንዶቹ የሚያደርጉት ነገር ያስደንቃል። ሊቶሪና ሊቶሪያ የሚባለው የሰሜን አትላንቲክ ቀንድ አውጣ በሰውነቱ ውስጥ በረዶ ሲሠራ ይኖራል። በረዶው የሚሠራው ከሴሎቹ ውጪ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ ሴሎቹ ውስጥ አይገባም። ከሰውነቱ ውሃ ከግማሽ በላይ ረግቶ፣ በ−8 ዲግሪ ቀናት አሳልፎ፣ በረዶው ሲቀልጥ ተነስቶ ይሄዳል። ልቡ ቆሞ ነበር፤ ተመልሶ ይመታል።

ታዲያ ይህን ያህል ብርድ የሚችል ፍጥረት በየትም ይኖራል ማለት ነው? አይደለም። ይኸው ቀንድ አውጣ እ.ኤ.አ. በ1840 በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ፣ ፒክቱ በሚባል ቦታ ተመዘገበ። ከዚያ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ወደ ደቡብ እየወረደ 19ኛው መቶ ዓመት ሳያልቅ ኒው ጀርሲ ደረሰ። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ግን ግስጋሴው ቆመ። በደቡብ በኩል ያለው ፈተና ብርድ ሳይሆን ሙቀት ነው።

ተቃራኒውን ምሳሌ ደግሞ እንግሊዝና ዌልስ ላይ እናገኛለን። ፎርከስ ሊኒያተስ የሚባለው ሞቃት ወዳድ ቀንድ አውጣ የሰሜን ድንበሩ እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. የ1962–63 ክረምት ከባድ ነበር። ብዙዎቹ አለቁ፤ የሚኖሩበት ድንበርም ወደ ኋላ አፈገፈገ። ክረምቱ እየለዘበ በመጣባቸው በኋለኞቹ ዐሥርት ዓመታት መልሰው ተስፋፉ። ልብ በሉ፦ ድንበሩን የገፋው የብዙ ዓመት አማካይ ሙቀት ሳይሆን አንድ ክፉ ክረምት ነው። አርሶ አደሮቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ባቄላውን የሚያጠፋው የዓመቱ አማካይ ብርድ አይደለም፤ አንድ ሌሊት የሚወርድ ውርጭ ነው።

አሁን ወደ «መያዝ» ልምጣ። ቀንድ አውጣ በብርድ ከመሞቱ ብዙ ዲግሪ ቀደም ብሎ ይደነዝዛል። ነርቩና ጡንቻው መታዘዝ ያቆማሉ። እግሩ ይላላል። ከድንጋዩ ይወድቃል። ጓሮ ውስጥ የወደቀ ቀንድ አውጣ ፀሐይ ሲወጣ ይነሳል። የባሕር ዳርቻ ላይ የወደቀን ግን ማዕበል ይወስደዋል፣ ሸርጣን ወይም ወፍ ያነሳዋል። ብርዱ ራሱ አልገደለውም፤ ግን ሞቷል። ለዚህ ነው መያዙን የሚያቆምበትን ሙቀት መለካት ከሞቱ ሙቀት የበለጠ ስለ ኑሮው የሚናገረው ብዬ የማምነው።

ደረጃ 1፦ ቀንድ አውጣውን ከየት ማምጣት

ከየብስ ብቻ ሰብስቡ። ከአዌቱ ወንዝ፣ ከቦዬ ረግረግ፣ ከማንኛውም ኩሬ ወይም ቦይ የውሃ ቀንድ አውጣ አትልቀሙ። ጨው በሌለበት ውሃ ውስጥ ከሚኖሩት አንዳንዶቹ ቢልሃርዝያ የሚባለውን የጥገኛ ትል በሽታ ያስተላልፋሉ፤ በሽታው በጅማ ዙሪያም በጥናት ተመዝግቧል። ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይዋኛል፣ በቆዳ በኩል ይገባል። ለልጆች ይህን ሳትነግሩ ማሰሮ አታስይዙ። (የእነዚያ የውሃ ቀንድ አውጣዎች ስርጭትም የሙቀት ጉዳይ ነው። ቀዝቃዛ ደጋ ላይ ቢልሃርዝያ የሚሳሳው አንዱ ምክንያት ውሃው ለቀንድ አውጣውም ለትሉም ስለሚበርድ ነው።)

የየብሱን የምታገኙት በጓሮ ነው፤ በእንሰትና በሙዝ ግንድ ልጥ ሥር፣ በጎመን መደብ፣ በእርጥብ ድንጋይ ጥላ። ጊዜው ዝናብ ካባራ በኋላ ምሽት ወይም ማለዳ ይሁን። ጓንት ቢኖር ጥሩ ነው። ባይኖር በፌስታል ያዟቸው፣ ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የየብሱም ቢሆን ጥገኛ ትል ሊሸከም ይችላል።

አንድ ዓይነት የሆኑ 20 ያህል ምረጡ። መጠናቸው ይቀራረብ። ትልቁ ቀስ ብሎ፣ ትንሹ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ መጠን ካልተቀራረበ ልዩነቱ ከብርድ መቻል ይምጣ ከመጠን አታውቁም። የቅርፊቱን ርዝመት በማስመሪያ ለክታችሁ በሚሊ ሜትር ጻፉ። ከፍ ካለ ቦታ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካለ፣ 10 ከጅማ ከተማ 10 ከዴዶ ወገን ብታደርጉ ሙከራው በጣም ይጣፍጣል። ጅማ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ ጥቂት መቶ ሜትር መውጣት ሌሊቱን ይለውጠዋል።

የተገኙበትን ቦታ፣ ከፍታውን (ስልካችሁ ያሳያችኋል)፣ ቀኑንና ሰዓቱን በዚያው ጻፉ። «ቤት ስደርስ እጽፈዋለሁ» አትበሉ።

ደረጃ 2፦ ማላመድ

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይሄ ነው። ቀንድ አውጣ የብርድ አቅሙን ከወቅቱ ጋር ይለውጣል። በባሕር ዳርቻ ክረምት ላይ የተሰበሰበ ሊቶሪና በበጋ ከተሰበሰበው የበለጠ ብርድ ይችላል። ስለዚህ ትናንት ከዴዶ የመጣን ዛሬ ከጅማው ጋር ብታወዳድሩ የምትለኩት ያለፈውን ሳምንት አየር ሊሆን ይችላል።

ሁሉንም በአንድ ክፍል ውስጥ ለአንድ ሳምንት አኑሯቸው። ሰፊ የፕላስቲክ ባልዲ፣ ሁለት ጣት ያህል እርጥብ አፈር፣ ላዩ በቀጭን ጨርቅ የታሰረ። ጎመንና ሰላጣ ስጧቸው። የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ጨምሩበት፣ ለዛጎላቸው ካልሲየም ይፈልጋሉ። በየቀኑ የተረፈውን አውጡ፤ የበሰበሰ ጎመን ይገድላቸዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ባልዲውንም ማሰሮውንም በንጹህ ውሃ ብቻ እጠቡ። ኦሞ፣ ሳሙና፣ እንዶድ አይንካው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት ይህንኑ ነበር፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተከማችተው ነበር። ከዚያ ምልከታ ነው እንዶድ ለቢልሃርዝያ መከላከያ የመሆኑ ጥናት የተነሳው። ለእነርሱ ትልቅ ግኝት የሆነው ለእናንተ ሙከራ ጥፋት ነው።

በመጨረሻ እያንዳንዱ ቅርፊት ላይ በጥፍር ቀለም ትንሽ ነጥብ አድርጉ፤ ቀይ ለጅማ፣ ነጭ ለዴዶ፣ ከጎኑም ቁጥር። ቀለሙ ከቅርፊቱ አፍ ይራቅ፣ ቆዳውን አይንካ።

ደረጃ 3፦ ቴርሞሜትሩን መፈተን

ገበያ ላይ የምታገኙት ባለ ሽቦ ዲጂታል ቴርሞሜትር ይበቃል። ግን ሳትፈትኑ አትመኑት። የተፈጨ በረዶ ከትንሽ ውሃ ጋር ብርጭቆ ውስጥ አድርጉ፣ አማስሉ፣ የቴርሞሜትሩን ጫፍ መሃል ላይ ያዙ። 0 ማንበብ አለበት። 1 ካነበበ ከሁሉም ንባብ ላይ 1 ትቀንሳላችሁ፤ አለቀ።

በፈላ ውሃ አትፈትኑት። ጅማ ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ ተማሪዬ በዚህ ምክንያት ደህናውን ቴርሞሜትር ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ነበር። የበረዶ መቅለጫ ግን ከፍታ አያናጋውም።

ደረጃ 4፦ የብርድ ገንዳውን መሥራት

ግልጽ የሆነ የፕላስቲክ ሳጥን ወይም ሰፊ ግልጽ ባልዲ አግኙ። ግልጽ መሆኑ የግድ ነው፤ የምታዩት በጎኑ ነው። ግማሹን በቧንቧ ውሃ ሙሉት። መሃሉ ላይ ትልቅ የብርጭቆ ማሰሮ፣ የማር ወይም የማርማላታ የነበረ፣ አስቀምጡ። ማሰሮው ስለሚንሳፈፍ ውስጡ ንጹህ ድንጋይ አድርጉ። ከድንጋዩ ላይ እርጥብ ስፖንጅ፤ የሚወድቁት እንዳይጎዱ። አፉን በቀጭን ጨርቅ ሸፍኑ።

በረዶውን ከጁስ ቤት ወይም ከሥጋ ቤት መለመን ይቻላል። በአይስ ቦክስ ያዙት። ፍሪጅ አልመክርም፤ ከልምዴ ነው የምናገረው። በመጀመሪያው ዓመት ቀንድ አውጣዎቹን ፍሪጅ ውስጥ አስገብተን መብራት ሄደ። ሌሊቱን ተመልሶ መጣና ፍሪጁ ከላይ በኩል ከዜሮ በታች ወረደ። ጠዋት ስንከፍት ሰባቱ ቅርፊታቸው ውስጥ ረግተው ነበር። አሙቀን ጠበቅናቸው። አልተነሱም። የባሕሩ ሊቶሪና በረዶ ይችላል፤ የእኛ ጓሮዎቹ አልቻሉም። ተማሪዎቹ ያን ቀን ያዘኑትን አልረሳውም፤ እኔም አዝኛለሁ። ከዚያ ወዲህ ከ4 ዲግሪ በታች አንወርድም፤ በ4 ዲግሪም ከግማሽ ሰዓት በላይ አናቆይም።

ሁለት ቴርሞሜትር ካላችሁ አንዱን ውሃው ውስጥ፣ ሌላውን «የውሸት ቀንድ አውጣ» ውስጥ አድርጉ። የውሸቱ ማለት ባዶ ቅርፊት ነው። እርጥብ ጥጥ ሞልታችሁ የቴርሞሜትሩን ጫፍ ትከቱበታላችሁ፣ ከማሰሮው ግድግዳ ጋር ታስጠጉታላችሁ። የአየሩ ሙቀትና የቀንድ አውጣው ሰውነት ሙቀት አንድ አይደሉም። የባሕር ተመራማሪዎችም በባዶ ዛጎል ውስጥ ትንሽ መለኪያ ቀብረው ድንጋይ ላይ ይለጥፋሉ፤ እንስሳው የሚሰማውን ሙቀት የሚያውቁት በዚያ ነው። የእናንተ የጥጥ ቅርፊት የዚያ ታናሽ ወንድም ነው።

ደረጃ 5፦ የእግሩን ሞገድ ማየት

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። የሙከራው ውበት ያለው እዚህ ነው።

አምስት ቀንድ አውጣዎችን በውሃ አርሳችሁ ማሰሮው ውስጥ አስገቡ። ገንዳው ገና በረዶ አልነካውም፤ ውሃው የክፍሉን ሙቀት ይዟል። ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። አንዱ ቀንዱን አውጥቶ ግድግዳውን መውጣት ይጀምራል። አሁን በውጪ በኩል ዓይናችሁን ወደ ገንዳው አስጠጉ። እግሩ ብርጭቆው ላይ ተነጥፎ ታያላችሁ፤ ገርጣ ያለ፣ እርጥብ፣ ሞላላ። ትኩር ስትሉ በላዩ ላይ ደብዘዝ ያሉ ጥቁር መስመሮች ይሄዳሉ። ከጅራቱ ይነሳሉ፣ ወደ ጭንቅላቱ ይጓዛሉ፣ ይጠፋሉ፤ ከኋላ ሌላ ይተካል። እያንዳንዱ መስመር የጡንቻ ሞገድ ነው። ቀንድ አውጣ የሚራመደው እግሩን አንስቶ ሳይሆን እነዚህን ሞገዶች በመላክ ነው። ከቅርፊቱ ሥር በቀኝ በኩል ደግሞ አንዲት ቀዳዳ ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። የሚተነፍስባት ናት።

የእግሩን መሃል በዓይናችሁ ያዙና በ30 ሰከንድ ስንት ሞገድ እንዳለፈ ቁጠሩ። በስልክ ቪዲዮ ቀርጾ በኋላ ቀስ አድርጎ እያዩ መቁጠር የተሻለ ነው። ሦስት ጊዜ ቁጠሩና መካከለኛውን ጻፉ። ይህ የመነሻ ቁጥራችሁ ነው።

ደረጃ 6፦ ማቀዝቀዝ

ወደ ገንዳው ውሃ በረዶ ጨምሩ፤ በአንድ ጊዜ አይደለም። በየ10 ደቂቃው 2 ዲግሪ ያህል እንዲወርድ አድርጉ። ድንገተኛ ብርድ ቀንድ አውጣውን ወደ ቅርፊቱ ያሸሸዋል፤ ያኔ የምታዩት ድንጋጤውን እንጂ አቅሙን አይደለም። ውሃውን በማንኪያ አማስሉ፤ ካልተማሰለ ሙቀቱ ከላይና ከታች ይለያያል።

በየ2 ዲግሪው ቆም በሉና ሞገዱን ቁጠሩ። እየዘገየ ይሄዳል። በአንዱ መስመርና በሌላው መካከል ያለው ጊዜ ይረዝማል። ቀንዶቹ ያጥራሉ። ከዚያ ሞገዱ ይቆማል፤ እግሩ ግን አሁንም ብርጭቆውን ይዟል። ያን ሙቀት ጻፉ። «ሞገድ የቆመበት» ነው። ማውረዱን ቀጥሉ። አንድ ቦታ ላይ የእግሩ ጠርዝ ከብርጭቆው ይላቀቃል፤ ቀንድ አውጣው ተንሸራቶ ስፖንጁ ላይ ይወድቃል። ይህ «የለቀቀበት» ሙቀት ነው። የምትፈልጉት ዋና ቁጥር ይህ ነው።

አንዳንዱ አይወድቅም። 4 ዲግሪ ደርሶም ተለጥፎ ይቀራል። እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱ። ምናልባት በእግሩ ይዞ ሳይሆን ወደ ቅርፊቱ ገብቶ በደረቀ ልጋጉ ተጣብቆ ይሆናል። ጨርቁን ገለጥ አድርጋችሁ በለስላሳ ቡራሽ ወይም በላባ ጫፍ ነካ አድርጉት። እግሩ ብርጭቆው ላይ ተነጥፎ ካለ ይዟል። የሚታየው የቅርፊቱ አፍ ብቻ ከሆነ «ተጣብቆ የተኛ» ብላችሁ ለብቻው ጻፉ። በልጋግ መጣበቅ ራሱ አንድ ብልሃት ነው። በሞቃት አገሮች ዳርቻ ያሉ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች እግራቸውን ሰብስበው፣ በቅርፊታቸው ከንፈር ላይ በደረቀ ልጋግ ተንጠልጥለው ከሚያቃጥለው ድንጋይ ይርቃሉ። በወጣትነታቸው ምጽዋ ወደብ የሠሩ አንድ ጎረቤቴ ነበሩ። ጋሼ ስለ ብርድ ሙከራችን ስነግራቸው፣ «እዚያ እኮ ብርድ የለም፤ ከድንጋዩ ላይ እንደ ፍሬ ተንጠልጥለው የሚውሉት ከሙቀቱ ሸሽተው ነው» አሉኝ። ያዩት ትክክል ነበር።

ጎን ለጎን ሌላ ማሰሮ፣ ሌሎች አምስት ቀንድ አውጣዎች፣ በረዶ የሌለው ውሃ ውስጥ ይቀመጡ። እነዚህም ከወደቁ ጥፋቱ የብርዱ ሳይሆን የማሰሮው ነው ማለት ነው።

የሚቆጥረው ሰው ቀዩ ነጥብ የጅማ ይሁን የዴዶ ባያውቅ ይመረጣል። ሰው የሚጠብቀውን ያያል፤ እኔም አያለሁ።

ደረጃ 7፦ ማንቃት

የወደቀውን ወዲያው አውጥታችሁ በክፍሉ ሙቀት እርጥብ ሳህን ላይ አድርጉት። የስልካችሁን ሰዓት አስጀምሩ። ሁለት ጊዜ ጻፉ፦ የመጀመሪያው ቀንድ ብቅ ያለበትንና የቅርፊቱን ርዝመት ያህል የተራመደበትን። በእፍኛችሁ አታሙቁት፣ ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት። ሁሉም እኩል ይሁኑ።

አንድን ቀንድ አውጣ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አትፈትኑ። ሦስት ቀን ዕረፍት ሰጥታችሁ መድገም ትችላላችሁ።

ደረጃ 8፦ ቁጥሩን ማንበብ

አማካይ አታስሉ፤ ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩና መሃል ያለውን ውሰዱ። አንድ ለየት ያለ ቀንድ አውጣ አማካዩን ያዛባዋል፣ የመሃሉን ግን አያናጋውም። ለምሳሌ አምስት ቀንድ አውጣዎች በ5፣ በ6፣ በ6፣ በ7 እና በ11 ዲግሪ ቢለቁ የመሃሉ 6 ነው። የተመራማሪዎችም ልማድ ከዚህ አይርቅም። ግማሾቹ የሚሞቱበትን ሙቀት ይፈልጋሉ፤ እናንተ ግማሾቹ የሚለቁበትን ፈለጋችሁ።

የዴዶዎቹ ከጅማዎቹ ዝቅ ባለ ሙቀት ከለቀቁ ደስ ይበላችሁ። ግን «ስለዚህ ደገኛ የሆኑት ብርድ ስለቻሉ ነው» ለማለት አትቸኩሉ። በአንድ ሳምንት ማላመድ የማይጠፋ የአስተዳደግ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ከዘር የመጣ መሆኑን ለማወቅ እዚሁ ጅማ የተፈለፈሉ ልጆቻቸውን መፈተን ያስፈልጋል። ትዕግሥት ካላችሁ ይቻላል። በእርጥብ አፈር ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ።

ሌላው ስህተት የብርድ አቅምን ከመኖሪያ ድንበር ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። ሁለት የባሕር ምሳሌ ልስጣችሁ። አትላንቲክ መሃል ሮካል የምትባል ብቸኛ ቋጥኝ አለች። በረዶ የሚችለው ሊቶሪና ሊቶሪያ እዚያ የለም። ዘመዱ ሊቶሪና ሳክሳቲሊስ ግን አለ። የመጀመሪያው እንቁላሉን ባሕር ውስጥ ይበትናል፣ ጫጩቶቹ በሞገድ ይንሳፈፋሉ፤ ሰው ሲያስበው ሩቅ የሚደርሰው እርሱ ነበር። ሁለተኛው ልጆቹን በሆዱ ይዞ ይወልዳል። እርጉዝ የሆነች አንዲት እንኳ በአጋጣሚ ቋጥኙ ላይ ብትደርስ መንደር ትመሠርታለች፤ ተንሳፋፊዎቹ ግን ይበተናሉ። ሌላው ምሳሌ ካሊፎርኒያ ነው። ኬሌቲያ የሚባለው ትልቅ ቀንድ አውጣ ፖይንት ኮንሴፕሽን ከሚባለው ርዕሰ ምድር በስተደቡብ ብቻ ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ከዚያ በስተሰሜን ሞንተሬይ ላይ ተገኘ። አዋቂዎቹ እዚያ ይኖራሉ፤ ትንንሾቹ ግን ጥቂት ናቸው። አዋቂ መኖር የቻለበት ቦታ ሁሉ ልጅ ያድጋል ማለት አይደለም።

ለእኛም ይሠራል። ቀንድ አውጣችሁ 5 ዲግሪ ቢችል፣ የጓሮአችሁ ሌሊት ደግሞ ከ8 ባይወርድ፣ ብርድ አያግደውም ማለት ነው። ታዲያ ከጎረቤት ጓሮ ለምን ጠፋ? ለዛጎሉ የሚሆን ካልሲየም ማነስ ይሆናል፣ ድርቀት ይሆናል፣ ዶሮ ይሆናል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩን እንሰቱ ልጥ ሥር አስገብታችሁ የህዳርንና የታህሳስን ሌሊቶች ዝቅተኛ ሙቀት መዝግቡ። ከሁሉም የሚጠቅማችሁ የወሩ አማካይ ሳይሆን በጣም የቀዘቀዘው ሌሊት ነው። ያን ቁጥር ከለቀቁበት ሙቀት አጠገብ አስቀምጡት።

ደረጃ 9፦ መመለስ

ሙከራው ሲያልቅ ሁሉንም ወደመጡበት መልሱ። የጅማው ወደ ጅማ ጓሮ፣ የዴዶው ወደ ዴዶ። አትቀላቅሉ። አንድን ቀንድ አውጣ ወደማያውቀው ቦታ መውሰድ የራሱ ጣጣ አለው፤ የፒክቱው ሊቶሪና ወደ ደቡብ ሲስፋፋ የዳርቻውን ሣርና የሌሎችን ኑሮ ለውጧል።

ሲመሽ ውሰዷቸው፣ ፀሐይ ላይ አትበትኗቸው። እኛ ባለፈው ነሐሴ ባለ ቀይ ነጥቦቹን እዚያው እንሰት ሥር አስቀመጥናቸው። አንዱ ብቻ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀኝ ቀንዱን አወጣ፣ ግራውን አስከተለ፣ ልጡን ተያይዞ ወደ ላይ ወጣ።